በስለቱ ላይ ያስቀረጽኩት ቃል

ቢላ እሰበስባለሁ። ይህን ለአበሻ ስናገር ምን እንደሚከተል አውቀዋለሁ። ሰውየው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይስብና "የወጥ ቤት ነው?" ይለኛል፣ በልቡ እንደዚያ በሆነ እያለ። "የአደን ነው፤ አሜሪካ የተሠራ" እለዋለሁ። ጨዋታው ወዲያው ወደ ብርዱ ይዞራል። ለኖርዌጂያን ስናገር ደግሞ ሰውየው ቅር ይለዋል። "እኛ አገር እንዲህ ያለ ቢላ ሞልቶ የአሜሪካ?" ይላል፣ እናቱን የሰደብኩበት ይመስል። ሁለቱንም ማስደሰት ካልቻልኩ ምን አገባኝ ብዬ ራሴን ማስደሰት ቀጠልኩ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ኖርዌይ፣ ኦከርን የሚባል ሰፈር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ሱቁ ዛሬ የለም፤ ኦከርን ላይ ያልፈረሰና ያልተቆፈረ ምን አለ! ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ስለ አደን የማውቀው ነገር አልነበረም። እንደ እኔ ትሮስተሩድ፣ ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚያውቀው ትልቁ አውሬ የጎረቤት ውሻ ነው። ባለሱቁ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነበር። "ስለ ቢላ ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ይቆርጣል" አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ።

አንድ ቅዳሜ ከአሜሪካ አንድ ካርቶን መጣ። ባለሱቁ በሩን ቆልፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቀስ ብሎ ከፈተው። ከውስጡ ያወጣቸው ቢላዎች መደርደሪያችን ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። እጀታቸው ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

"እና?" አልኩት።

"እና ማለት ምን ማለት ነው!" ብሎ ተቆጣ። ፋብሪካው ይህን ቢላ ሁልጊዜ የሚሠራው በጥቁር እጀታ ነው። በአረንጓዴ ግን ለአንድ ነጋዴ በልዩ ትእዛዝ ሁለት መቶ ብቻ ሠርቶ አቆመ። ከስለቱ ሥር፣ እጀታው ሊጀምር ሲል፣ ትንሽዬ ማህተም አለች፤ ከማህተሟ አጠገብ ቢላው ስንተኛው እንደሆነ ተጽፏል። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና አየሁት፤ 117 ይላል። በዚህ ዓለም ላይ 117ኛው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እጄ ላይ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ የቅዳሜ ደሞዜ የት እንደሚገባ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ያው አንድ ቢላ እጀታው የአጋዘን ቀንድ ሆኖ ይመጣል፣ የተደራረበ ቆዳ ሆኖ ይመጣል፤ የእጀታው ጫፍ ላይ ናስ መሆን ያለበት ነጭ ብረት ሆኖ ይመጣል። ሠራተኛው ተሳስቶ ማህተሙን ሁለት ጊዜ የመታበት እንኳ ፈላጊው ብዙ ነው። ሌላው ሰው "ኧረ አንድ ናቸው!" የሚለውን እኔ ከሁለት ሜትር እለየዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚህ የጎበዝኩበት ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ አልተውኩትም።

ጓደኞችም አገኘሁበት። ባለሱቁና ሁለት ባልንጀሮቹ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የባቡር ሾፌር፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ ጓዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ጨርቅ ይነጠፋል። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ አንዱ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል። ሌላም ሕግ አላቸው፦ አንድ ሰው ያመጣው ነገር ያልሆነውን መስሎ ከታየ፣ ያወቀ ሰው ወዲያው ይናገራል። "በኋላ እነግረዋለሁ" የለም፣ "እንዳይከፋው" የለም።

ይህን ሕግ በራሴ ላይ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ከኢንተርኔት የገዛሁትን ቀይ እጀታ ያለው ቢላ፣ ማንም ዘንድ የለም እያልኩ፣ አፌን ሞልቼ እየተኩራራሁ ይዤ ሄድኩ። ባቡር ሾፌሩ አነሳው፣ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። "ቀለም የተነከረ ነው" አለ። ያው ጥቁር እጀታ ያለውን ተራ ቢላ አንድ ብልጥ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮት ኖሯል። እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ዋፍል ሰጠኝ። ቤቴ ስደርስ ግን ንዴቴ በርዶ ነበር፤ ያንን ቢላ ለሌላ ሰው ሳሳይ ብዋረድ ኖሮ ብዬ አሰብኩና ሽማግሌውን በልቤ አመሰገንኩት።

እነዚህን ቢላዎች በባቡር ማመላለሱ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ቢላ ይዞ አደባባይ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል። እኔ ደግሞ ጥቁር፣ ወጣት፣ ትልቅ ቦርሳ ያነገብኩ ነኝ፤ ምክንያቴን እስካስረዳ ማን ይጠብቀኛል? ስለዚህ ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ምሳ ዕቃውን በፕላስተር አሽጌ፣ ደረሰኙን ከላይ ለጥፌ እጓዝ ነበር። አንድ ጊዜ ቲኬት ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ ላብ በላብ ሆንኩ። ሴትየዋ ቲኬቴን አይታ፣ ከዚያ ምሳ ዕቃዬን አይታ፣ "መልካም ምግብ" ብላኝ አለፈች።

ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። አባቴ ያረፈው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። እናቴ ትቬይታ አካባቢ ሲከየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አዛውንቶችን ስትንከባከብ ትውላለች፤ ከሥራ የተረፋት ጊዜ በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። የአበሻ ጴንጤዎች ጉባኤ ናት፣ መሃል ከተማ አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩ። እኔም እዚያው ነው ያደግኩት፤ ፊደል የቆጠርኩት እንኳ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ግን መሄድ አቆምኩ። ከማንም ተጣልቼ አይደለም። አንድ እሑድ ቀረሁ፣ ደስ አለኝ፣ ሁለተኛውንም ቀረሁ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር ስለ እኔ ትጸልያለች፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ስሜ ሲጠራ ይሰማኛል። ፊት ለፊት ግን አናነሳውም። እኔ መጥቼ ክፍሌ እገባለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፤ እሷ "እራት ቀርቧል" ብላ በበሩ በኩል ትናገራለች። ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርን።

ስለ ቢላዎቹ ግን አንደበቷ ነጻ ነበር።

"ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ነው ካራ የምትሰበስበው?"

"እማ፣ አልጠቀምበትም እኮ።"

"ካልተጠቀምሽበት ምን ያደርግልሻል?"

"አየዋለሁ።"

"ጌታ ሆይ" ትልና ጣሪያውን ታያለች። ክፍሌን ስታጸዳ መሳቢያውን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወለውለው። ስንት ጊዜ ሳቅሁባት!

ሰብሳቢ ሰው ደግሞ አንድ የሚያልመው ነገር አለ፤ ከሁለት መቶ አንዷ አትበቃውም፣ ከዓለም አንዷን ይፈልጋል። ፋብሪካው የግል ትእዛዝ ይቀበላል። ቅጹ ላይ እጀታውን ትመርጣለህ፣ ብረቱን ትመርጣለህ፣ ስለቱ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ ትልካለህ። ሐኪሙ የስሙን መነሻ ፊደሎች አስቀርጿል፤ ባቡር ሾፌሩ የውሻውን ስም። እኔ በአማርኛ ላስቀርጽ አልኩ። በዚህ ማን ይደርስብኛል? ፊደሉ ኮምፒውተራቸው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ እንዳይወጣ ራሴ በብዕር አሳምሬ ጻፍኩት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ላይና ታቹን በቀስት አመልክቼ ላክሁ። በጥንቃቄዬ እንዴት ኮርቼ ነበር!

ቃሉን ለመምረጥ ግን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያሰብኩት በኖርሽክ፣ በአገሩ ቋንቋ ነው። አደን የሚሄድ ሰው "የገር" ይባላል። የገር በአማርኛ ምንድን ነው? አዳኝ። አለቀ። ሦስት ፊደል፣ አጭር፣ ቆንጆ፣ ስለቱ ላይ ልክክ የሚል።

አራት ወር ጠብቄ አንድ ሰኞ ደረሰልኝ። ትቬይታ የገበያ ማዕከል ካለው ፖስታ ቤት ተቀብዬ፣ እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ ጫፉ ነጭ ብረት፣ አፎቱ ወፍራም ቡናማ ቆዳ። ስለቱ ላይ ጥርት ብሎ፦ አዳኝ። ሞቼ ልገኝ፣ እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ለሦስቱ ሽማግሌዎች ፎቶ ልልክላቸው ስልኬን ፍለጋ ክፍሌ ገባሁ።

ስመለስ እናቴ ከሥራ ገብታለች። ካፖርቷን አላወለቀችም። ቢላው ላይ አጎንብሳ፣ ሳትነካው፣ ፊደሎቹን በጣቷ ከላይ ትከተላለች። አሁን ልትጮህብኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጀሁ። ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ልጄ፣ መቼ ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ጌታ ያናገረሽ።"

አቅፋ ያዘችኝ። "አዳኝ ብለሽ ብረት ላይ አስጻፍሽው! እኔ ካራ ትሰበስባለች እያልኩ ሳማሽ፣ አንቺ ስሙን ታስጽፊያለሽ!" አለች ጆሮዬ ሥር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወይ እኔ! አዳኜ፣ አዳኛችን፣ የዓለም አዳኝ፤ ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ ዘምሬዋለሁ። ሲናገሩት አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል ይላሉ፤ እኔ ማጥበቅና ማላላት ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። ሲጻፍ ደግሞ ያው ሦስት ፊደል ነው። የመዝሙሩ አዳኝና ጫካ የሚገባው አዳኝ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ አማርኛ ይናገራል፣ አንዱ ኖርሽክ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። "ናይ እማ፣ አይደለም፣ ተሳስተሻል" ብል ያበቃ ነበር። ግን እናቴ እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው። ዝም አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ላይ ናት። "እኅቴ፣ ጸሎታችን ተሰማ! እሑድ ቆሜ እመሰክራለሁ!" ትላለች። አንድ ዘጋች፣ ሌላ ደወለች። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ስቆጥር ዘጠኝ ሰው ደረሰች።

ያ ሳምንት መቼም አይረሳኝም። ማክሰኞ በሥራ ቀን ላዛኛ ሠራችልኝ፤ ላዛኛ የሚሠራው ለልደቴ ብቻ ነው። እኔም ከጥፋተኝነቴ የተነሳ በሬን ክፍት ተውኩ፣ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ አብሬያት በላሁ፣ ዕቃ አጠብኩ። መጫወት ጀመርን። ሲከየሙ ውስጥ ያሉ አንድ አሮጊት በየጠዋቱ የሠርጋቸው ቀን እየመሰላቸው ሚዜያቸው አድርገው እንደሚያዟት ነገረችኝ፤ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እኔም ስለ ትምህርቴ ነገርኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነውሩ እሱ ነው። ያ ሁሉ ደስታ የቆመው በአንድ ባልተነገረ ነገር ላይ መሆኑን እያወቅሁ "ነገ እነግራታለሁ" እላለሁ፣ ነገ ይመጣል፣ ያልፋል።

ቅዳሜ ቢላውን ይዤ ጓዳው ሄድኩ። ጨርቁ ላይ ሳስቀምጠው ሦስቱም ዝም አሉ፤ እነሱ ዘንድ ይህ ጭብጨባ ነው።

"ምን ይላል?" አለ ባለሱቁ።

"የገር።" ቢላውን ገለበጥኩና "ሌላም ትርጉም አለው" አልኩ። "ፍሬልሰር። ክርስቶስን እንደምትሉት፣ የሚያድን።" ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እናቴን፣ ላዛኛውን፣ የነገውን ምስክርነት። ሐኪሙ እስኪያንቀው ሳቀ። ባቡር ሾፌሩ "አንድ ቢላ፣ ሁለት ልዩ ትእዛዝ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀው ባለሱቁ ብቻ ነው።

"እናትሽ አሁንም አታውቅም?"

"አታውቅም።"

"ቀይ እጀታ ያለው ቢላሽ ቀለም የተነከረ መሆኑን ዝም ብንልሽ ደስ ይልሽ ነበር?"

"ለአንድ ሳምንት አዎ።"

"አንድ ሳምንቱ አልቋል" አለኝና ቢላውን ወደ እኔ ገፋው።

እሑድ ጠዋት እናቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆመች። ትሮስተሩድ ላይ ባቡር ተሳፈርን። ትቬይታ ስንደርስ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቀጣዩን ጣቢያ ስናልፍ ግን ተናገርኩ።

"እማ፣ ቢላው ላይ ያለው ቃል... እኔ አደን የሚሄድ ሰው ማለቴ ነው። የገር። የአደን ቢላ ስለሆነ።"

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ጥቂት ቆየ። "ጌታን ማለትሽ አይደለም?"

"ናይ።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም እማ። ትዝም አላለኝ።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። "ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች፣ ሳትዞር።

"ስታለቅሺ አቃተኝ።"

"እና ስድስት ቀን ሙሉ እንደ ሞኝ ስፈነድቅ ታይኛለሽ? ላዛኛ ሠራሁልሽ እኮ!"

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ሰዓት ግን ሰው ፊት አለቀስኩ። እንደ ላዛኛው የቆረጠኝ ነገር የለም። "እንመለስ፣ አመመኝ ብለሽ ደውይላቸው" አልኳት። "አልመለስም። ምስክርነት አለኝ ብያለሁ" አለች። እንባዋን ጠርጋ፣ ሸሚዟን አስተካክላ ወረደች።

አዳራሹ ውስጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያሳደጉኝ ሴቶች ሁሉ ጉንጬን ይስሙኛል፤ "ተባረኪ፣ እንኳን ተመለስሽ!" ይሉኛል። መዝሙሩ አልቆ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ስሟ ተጠራ። ወጣች፣ ማይክራፎኑን ያዘች።

"ወገኖቼ፣ ዛሬ ልጄ ወደ ጌታ ተመለሰች ብዬ ልመሰክር ነበር።"

"ሃሌሉያ!" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ቆይ ወንድሜ፣ አልጨረስኩም። አልተመለሰችም።" ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። "ቢላዋ ላይ አዳኝ የሚል ቃል አየሁና ነው። እሷ ያስጻፈችው ጫካ ገብቶ ኤልግ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ስለሚያድን... ማለቴ ስለሚገድል ሰው ነው።" ፊት ወንበር ያሉት ሳቁ፤ እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። "እኔ ያነበብኩት የናፈቀኝን ነው። ሰኞ ልትነግረኝ ይገባት ነበር፣ አልነገረችኝም። ዝም ብትል ግን እኔም እናንተም እልል ብለን ቤታችን እንገባ ነበር፣ ማንም አያውቅባትም። አሁን፣ ስንመጣ፣ ባቡር ላይ ነገረችኝ። ከፋኝ፤ በጣም ነው የከፋኝ። ግን እናቷን በውሸት ደስ አሰኝታ መኖር ያልቻለች ልጅ ስለሰጠኝ ጌታ ይመስገን። ምስክርነቴ ይኸው ነው።"

እልል ይበሉ ወይስ ይዘኑ፣ ሰዎቹ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን "አሜን" አሉ።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቴን አላየችም። "ለእኔ ብለሽ እንዳትቀመጪ" አለችኝ በሹክሹክታ። "መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፣ አልቀየምሽም።"

"ለአንቺ ብዬ እንጂ ለማን ብዬ ልቀመጥ" አልኳት።

አሰበችበት። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን ግማሹን በእሷ ጉልበት፣ ግማሹን በእኔ ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

"ለዛሬ ይበቃል" አለች።